ከመኪና ወርዶ መሬቱን ማየት

(ከበልግ ዝናብ በፊት በአርባ ምንጭ ለፕሮጀክት ሠራተኞች፣ ለሹፌሮችና ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የስብከት ርእስ አይመስልም። ስለ ጭቃ፣ ስለ ዋልካ፣ ስለ ወንዝ መሻገሪያና ስለ ጎማ ነው። ነገር ግን ነህምያ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ ያደረገውን አስቡ። ሕዝቡን ሰብስቦ ስለ ሥራው ከመናገሩ በፊት በሌሊት ተነሥቶ፣ ጥቂት ሰዎችን ብቻ አስከትሎ፣ የፈረሰውን ቅጥር እየዞረ ተመለከተ። በአንድ ስፍራም የተቀመጠበት እንስሳ የሚያልፍበት መንገድ እንዳልነበረ ተጽፎአል። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አንብበን አልፈነዋል። በመንገድ ላይ ለምንውል ሰዎች ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ነህምያ የት እንደሚታለፍና የት እንደማይታለፍ ከሰው ወሬ ሳይሆን በገዛ ዓይኑ አይቶ ነው ሥራውን የጀመረው።

እንደምታውቁት በዚህ አገር ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ይወርዳል፤ ሁለተኛውም በመስከረምና በጥቅምት ይመጣል። በደጋው ደግሞ ክረምቱም ቢሆን ደረቅ አይደለም። የእኛ ጭነት ከዝናቡ ቀድሞ ወይም ከዝናቡ ጋር መድረስ ያለበት ጭነት ነው። የድንች ዘር ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ቢደርስ ለገበሬው ዘር መሆኑ ቀርቶ ወጥ ይሆናል። ለጤና ጣቢያ የሚሄድ መድኃኒትም መንገድ ላይ ሦስት ቀን ሲያድር የሚጠብቀው በሽተኛ አይጠብቅም። ስለዚህ ‹‹ጭቃው ሲደርቅ እንሄዳለን›› ማለት ሁልጊዜ አይቻልም፤ ‹‹እግዚአብሔር ያውቃል›› ብሎ ዘሎ መግባትም አይገባም። በሁለቱ መካከል መሬቱን መመርመር የሚባል ሥራ አለ። እርሱም ከሞተር ይልቅ እግርንና ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው።

ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን ጨንቻ 2,700 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። በዚህ አጭር መንገድ ሙዝ ከሚበቅልበት ቆላ ተነሥተን እንሰትና ገብስ ወዳለበት ደጋ እንደርሳለን። መሬቱም በዚያው መጠን ይለወጣል። በሐይቆቹ ምዕራብ በላንቴ፣ በጫኖ፣ በሼሌና በምዕራብ ዓባያ በኩል ያለው ወንዞች ከተራራ ያወረዱት ደለል ነው። ከእግዚአብሔር ድልድይ ማዶ በነጭ ሳር ሜዳ ጥቁሩ ዋልካ አለ። ወደ ጨንቻ፣ ወደ ዲታና ወደ ቦንኬ ሲወጡ ደግሞ ቀዩ አፈር ይጀምራል። የዓባያ ሐይቅ ውኃ ለምን እንደሚቀላ እንግዶች ዘወትር ይጠይቁናል፤ ቀለሙ ከተራራው ታጥቦ የወረደው አፈር ነው፤ ከዚያም ውስጥ አንዱ እጅ የእኛ መንገዶች ሳይሆን አይቀርም።

በመጀመሪያ ስለ ዋልካው እንናገር። ዋልካ በበጋ ከድንጋይ የጠነከረ ይመስላል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ መኪናም እንደ አስፋልት ይሄድበታል። ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ውኃ ሲያጣ የሚኮማተር የሸክላ ዓይነት አለበት። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ውኃው በስንጥቆቹ አድርጎ ወደ ታች ይገባል። በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ላዩ ቅርፊት ሠርቶ ደረቅ መስሎ ይታያል፤ ውስጡ ግን እንደ ሊጥ ነው። ሰው የሚታለለው በዚህ ቅርፊት ነው። መኪናው 20 ሜትር ያህል በሰላም ይገባል፤ ከዚያ ቅርፊቱ ይሰበራል። የጎማው ጥርስ በጭቃ ይሞላና ልሙጥ ይሆናል፤ ጭቃውም በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ታጭቆ እንደ ፍሬን ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ ሞተሩን ማስጮኽ ጉድጓድ መቆፈር ማለት ነው። ቀዩ አፈር ጥሩ ፀሐይ ካገኘ በከሰዓት በኋላ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ዋልካ ግን ቀናትን ይፈልጋል፤ ደመና ከሰነበተም ቀናቱ ሳምንት ይሆናሉ።

በደለሉ ምድር ሰማይ ሳይዘንብም ጭቃ አለ። የሙዝ እርሻ ባለቤቶች የመስኖ ውኃ በተራ ያጠጣሉ፤ ትናንት ደረቅ የነበረው መንገድ ዛሬ የጎረቤት ተራ ሆኖ ውኃው ከቦዩ ሲያልፍ ረግረግ ሆኖ ይገኛል። ስለሆነም በዚያ በኩል የምትሄዱ ሰዎች ከሰማዩ ይልቅ ‹‹ዛሬ ውኃው የማን ተራ ነው?›› ብላችሁ ጠይቁ።

ቀዩ አፈር ሌላ ጠባይ አለው። እርሱ ማንሸራተት እንጂ ማስመጥ ብዙ አያውቅም። ላዩ አንድ ጣት ያህል እንደ ሳሙና ይሆናል፤ ከሥሩ ግን ጠንካራ ነው። በዋልካ ላይ የሚረዳው ዘዴ በዚህ ላይ አይረዳም፤ እዚህ የሚያስፈልገው ያንን ስስ ሽፋን ቀዶ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት የሚነክስ ሰንሰለት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍርሃታችን ከዳገቱ ይልቅ ለቁልቁለቱ ሊሆን ይገባል። ዳገት መውጣት ያቃተው መኪና ይቆማል፤ ቁልቁለት ላይ መቆም ያቃተው መኪና ግን ገደሉ እስኪያቆመው ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ጠዋት ወደ ዲታ ስንወጣ ‹‹እንወጣለን ወይ?›› ብቻ ሳይሆን ‹‹ከሰዓት በኋላ ቢዘንብ እንወርዳለን ወይ?›› ብለን ልንጠይቅ ይገባል። መልሱ አይደለም ከሆነ እዚያው ለማደር ተዘጋጅተን እንውጣ፤ ወይም አንውጣ።

አሁን መሬቱ ይይዝ እንደ ሆነ ወይም አይይዝ እንደ ሆነ እንዴት እናውቃለን? ለዚህ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ መሣሪያ አያስፈልግም። የመጀመሪያው መሣሪያ ተረከዛችን ነው። ጭነቱን ይዞ 3 ቶን ያህል የሚመዝን ላንድ ክሩዘር በእያንዳንዱ ጎማ 750 ኪሎ ያሳርፋል። ጎማው በተለመደው ነፋስ ተነፍቶ ከሆነ በእያንዳንዷ ካሬ ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ የሚያርፈው ከ2 ኪሎ በላይ ነው። ሰው በሙሉ እግሩ ሲቆም መሬቱን የሚጫነው ከዚያ በጣም ባነሰ ኃይል ስለሆነ፣ ‹‹እኔን ከቻለኝ መኪናውንም ይችለዋል›› ማለት ስሕተት ነው። ነገር ግን አንድ እግራችሁን አንሥታችሁ ሙሉ ክብደታችሁን በሌላው ተረከዝ ላይ ብታሳርፉ፣ ኃይሉ ወደ ጎማው ይጠጋል። ተረከዙ ምልክት ብቻ ትቶ ከቆመ መልካም ነው። እየሰመጠ ከሄደ ግን መኪናውን አታምጡ።

የተጫነች አህያም ጥሩ መርማሪ ናት። ኮቴዋ ትንሽ ስለሆነ መሬቱን የምትጫነው ከጎማ ብዙም ባላነሰ ኃይል ነው። የአህዮችን ዱካ ተከተሉ፤ ዱካው ጥልቅ ሲሆን፣ ወይም አህዮቹ ከመንገዱ ወጥተው ዞረው እንደ ሄዱ ስታዩ፣ እናንተም ቁሙ። ነገር ግን አህያዋ የማትነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ጎማ ከኮቴ ሰፊ ስለሆነ ክብደቱ ወደ ጥልቅ ይወርዳል፤ ኮቴዋን የተሸከመው ቅርፊት ጎማውን ላይሸከም ይችላል። ለዚህ ነው ዱላ የምንይዘው። ዱላውን ወደ መሬት ግፉት፤ በተለይም ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለውን ስሜት አስተውሉ። መኪናውን የሚይዘው ወይም የሚውጠው ይህ ንብርብር ነው። ከ30 በታች ጠንካራ ነገር ካገኛችሁ ተስፋ አለ፤ ዱላው ሳይቸገር እስከ ጉልበት ድረስ ከገባ ግን መንገዱ ዛሬ የእናንተ አይደለም።

ቀጥሎም ከዚያው ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጥታችሁ በእጃችሁ እሹት። በመዳፋችሁ መካከል ስታንከባልሉት እንደ ቀጭን ትል ከረዘመና ካልተሰባበረ ሸክላ አለበት፤ ከተፈረፈረ አሸዋነቱ ይበልጣል። ሸክላውን ደጋግማችሁ ስታሹት እየላላና እየረጠበ ከሄደ፣ ለአንድ መኪና የበቃው መሬት ለሁለተኛው አይበቃም ማለት ነው። ይህ በሚገባ ሊጤን የሚገባው ነገር ነው። ሦስት መኪና ተከታትሎ በሚሄድበት ጊዜ የፊተኛው ማለፉ የኋለኛው ለማለፉ ማስረጃ አይሆንም፤ እንዲያውም የፊተኛው መሬቱን ለኋለኛው አሽቶ አበላሽቶታል። ከሁሉ የከበደው መኪና መቼ ይለፍ የሚለው ጥያቄም ከዚህ ይነሣል። እኛ የምንመክረው ጭነቱን በትንንሽ መኪና ከፍሎ፣ እያንዳንዱም በሌላው ዱካ ላይ ሳይሆን ከጎኑ ባለው ባልታሸ መሬት ላይ እንዲሄድ ነው፤ ይህም መንገዱ ሰፊ ሲሆንና የሰው እርሻ ሳይነካ ብቻ ነው።

ይህን ዕውቀት የተማሩ ሰዎችም ደርሰውበታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቪክስበርግ ከተማ ሾጣጣ ጫፍ ያለውን ዘንግ ወደ ጭቃ እየገፉ መሬት ስንት መኪና እንደሚያሳልፍ ለክተዋል፤ አንድ ጊዜ ማሳለፍና 50 ጊዜ ማሳለፍ የተለያዩ መሆናቸውንም በቁጥር አስቀምጠዋል። የመንገድ መሐንዲሶቻችን ደግሞ 8 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ57.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየጣሉ ሾጣጣው በእያንዳንዱ ምት ስንት እንደ ገባ የሚያነቡበት መሣሪያ አላቸው። የዚሁ ዕውቀት አባት ከሚባሉት አንዱ፣ ቤከር የተባለ በፖላንድ የተወለደ መሐንዲስ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. በጨረቃ ላይ የተነዳችውን ተሽከርካሪ በማሰናዳት ተካፍሏል። እኛ ጨረቃ ላይ አንደርስም፤ ካምባ ከደረስን ይበቃናል።

ከመሐንዲሶቹ አስቀድሞ ግን አፈርን በእጅ የሚያውቁ ሰዎች በመካከላችን አሉ። በጋሞ ደጋ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች የትኛው አፈር እንደሚያብጥ፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው ጉድጓድ ውኃ እንደሚይዝ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። እነዚህ ወገኖቻችን በሙያቸው ምክንያት ለረጅም ዘመን ሲናቁና መሬት ሲነፈጉ የኖሩ ናቸው። መንገድ ልንጠይቅ ስንወርድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው ሱቅ በር ላይ የቆመውን ጎልማሳ ነው፤ እርሱም እንግዳን ላለማሳፈር ‹‹ያሳልፋል›› ይለናል። ሸክላ ሠሪዋን እናታችንን ግን ‹‹እማማ፣ ይህ አፈር እንዴት ነው?›› ብላችሁ ጠይቁ። እንደዚሁም በዱቡሻ የተቀመጡትን አባቶች ጠይቁ። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ወር በዚህች ከተማ የተቆጣውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት የጋሞ አባቶች ናቸው፤ ‹‹ተመለሱ›› ሲሉ መመለስ ውርደት እንዳልሆነ ከእነርሱ እንማር።

ወደ ወንዞቹ እንለፍ። ኩልፎ፣ ሐሬ፣ ባሶ፣ ሲሌ ሁሉም ከደጋው ይወርዳሉ፤ ቆላው ላይ ደርሰው ወደ ሐይቅ ይገባሉ። የሚያሳስተንም ይህ ነው። ሼሌ ላይ ፀሐይ እያቃጠለን፣ አቧራ እየጠጣን፣ ከላይ በደጋው ግን ዝናቡ ወርዶ ደራሽ ጎርፉ በመንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ከመሻገራችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ተራራውን ተመልከቱ፤ ጠቁሮ ከሆነ ቸኩላችሁ አትግቡ። ውኃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ማምጣት ከጀመረ፣ ከሥሩም ድንጋይ ሲንከባለል ከተሰማ ወዲያውኑ ወደ ዳር ውጡ። በውኃው ጫፍ ላይ ድንጋይ አስቀምጡና ሩብ ሰዓት ጠብቁ፤ ድንጋዩ ከተሸፈነ ወንዙ እየሞላ ነው። እየጎደለ ከሆነ ሻይ አፍሉና ጠብቁ፤ ወንዝ ለትዕግሥተኛ ሰው መንገድ ይከፍታል።

ጥልቀቱን የሚለካ ሰው በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ ረጅም ዱላ ይዞ፣ ጎማዎቹ በሚሄዱባቸው በሁለቱም መስመሮች ይሻገር። በኃይል የሚወርድ ውኃ ከጉልበቱ በላይ ከሆነ ይመለስ፤ ሰው በእግሩ ሊሻገረው ያልቻለውን ወንዝ መኪናም አይሻገረው። የሚፈስ ውኃ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ይዞ ትንሽ መኪናን ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። መኪና ብረት ቢሆንም በውስጡ አየር የያዘ ሣጥን መሆኑን አትርሱ። (ወንዙ ወደ ሐይቅ በሚገባበት አካባቢ ደግሞ ማንም ሰው ለመለካት እንዳይገባ። የጫሞ አዞዎች ገበያ አላቸው እየተባለ በቀልድ ይነገራል፤ ሸመታቸው ግን ቀልድ አይደለም።)

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት መኪና እህል ጭኖ በእንዲህ ያለ መሻገሪያ መካከል ቆመ። አሸዋው ከጎማው ሥር እየታጠበ መኪናው ጋደል አለ። ሹፌሩና ረዳቱ ጣራው ላይ ወጡ፤ የቀበሌው ሰዎች ጠፍርና ገመድ ቀጥለው አወጧቸው። ጌታ ይመስገን፣ ነፍስ አልጠፋም። እህሉ ግን ሄደ፤ ያን እህል ይጠብቁ የነበሩ ቤተ ሰቦችም በማዶው ዳር ቆመው ሲሄድ ያዩት ነበር። የሲሣራ የብረት ሠረገሎች 900 ነበሩ፤ ብዛታቸውና ብረታቸው ግን ቂሶን ወንዝ በሞላ ጊዜ አልጠቀማቸውም። የጠላት ታሪክ ስለሆነ ደስ ብሎን እናነበዋለን እንጂ ጭቃው ጻድቅና ኃጥእ አይለይም።

ስለ ተራራው ጎን ደግሞ በኀዘን የምንናገረው አለ። በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልፈዋል። ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት በአካፋና በእጃቸው ይቆፍሩ የነበሩ ናቸው፤ ሁለተኛው ናዳ በእነርሱ ላይ ወረደ። የዕርዳታ ሠራተኛ ሁሉ ይህን በልቡ ሊይዝ ይገባዋል። ከመንገዱ በላይ ባለው ጎን አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ዛፍና አጥር ወደ ታች ካዘነበሉ፣ ባልነበረበት ቦታ ምንጭ ከፈለቀ ወይም የጠራው ምንጭ ከደፈረሰ፣ ከሥሩ መኪና አታቁሙ፣ ጭነትም አታራግፉ፣ ሰውም አታሰልፉ።

ስለ ዕቃ ብዙ አንናገርም፤ አካፋ፣ ጥሩ ክሪክ ከሰፊ ሳንቃ ጋር፣ ወፍራም ገመድ፣ ሰንሰለትና የጎማ መንፊያ ፓምፕ ይበቃሉ። በለስላሳ መሬት ላይ የጎማውን ነፋስ በግማሽ ስትቀንሱ መሬቱን የሚነካው ጎማ በእጥፍ ሊጠጋ ይችላል፤ ክብደቱም ይሰራጫል። ፓምፕ ሳይዙ ነፋስ ማውጣት ግን አይገባም፤ በላላ ጎማ ድንጋያማ መንገድ ላይ መሄድ ጎማውን መቁረጥ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔው የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። በሥራችን ይህን ደንብ አድርገናል፤ መሬቱን በእግሩ ሄዶ ያየው ሰው ‹‹አያሳልፍም›› ካለ፣ ኃላፊም ቢሆን፣ መጋቢም ቢሆን፣ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳም ቢሆን ‹‹ግባ›› ሊለው አይችልም። ሹፌሮቻችን መመለስ እንደሚያሳፍራቸው እናውቃለን፤ ‹‹እገሌ አልፎ እኔ ተመለስኩ›› የሚል ሐሳብ ብዙ መኪና ቀብሯል። ሌላው ፈተና ደግሞ ‹‹ጸልየናል፣ እንግባ›› የሚለው ነው። እንጸልያለን፤ መጸለይም ይገባናል። ጌታችን ግን ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ አልወረወረም። ጸሎት ዱላን አይተካም፤ ዱላ ይዞ የሚወርድ ሰውም እምነት የጎደለው አይደለም።

እንዲሁም ጭቃውን ሸሽተን የገበሬውን ማሳ መንገድ ማድረግ የለብንም። አንድ መኪና በጤፉ ላይ ሲያልፍ ሌላው ይከተለዋል፤ በሁለተኛው ዓመት ያ ዱካ የጎርፍ መውረጃ፣ በአምስተኛው ዓመት ገደል ይሆናል። ብዙዎቹ የቀበሌ መንገዶች ሕዝቡ በደቦ በገዛ ጉልበቱ የጠረጋቸው ናቸው። ዘር እናመጣለን ብለን መንገዱንና ማሳውን ካፈረስን የሰጠነው ከወሰድነው ያንሳል። የማያሳልፍ ሲሆን ጭነቱን ከደረቁ መሬት ላይ አራግፈን በአህያና በሰው ትከሻ እናድርስ፤ ለአጓጓዦቹም ተገቢውን እንክፈል።

እናንተ ይህን ሥራ በጸሎትና በገንዘብ የምትደግፉ ምእመናን፤ በወጪ ሪፖርታችን ላይ ‹‹የአህያ ኪራይ››፣ ‹‹የሹፌር ማደሪያ››፣ ‹‹ገመድ›› የሚሉ ቃላት ስታዩ በዚህ ምክንያት መሆኑን ዕወቁ። አንዳንድ ጊዜ ‹‹ሐሙስ ይደርሳል›› ያልነው ጭነት ሰኞ ይደርሳል። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ እህል አሰብ ወደብ ላይ ተከምሮ የጭነት መኪና እንደ ታጣ፣ መንገድ ወደሌለበትም ደጋ ከአውሮፕላን እህል ይጣል እንደ ነበረ ከመካከላችሁ የሚያስታውሱ አሉ። ያን ጊዜም እህሉ ከመጣሉ በፊት በሄሊኮፕተር ወርደው ሜዳውን የሚያዩ ሰዎች ነበሩ።

የአጥቢያ ተወካዮች ሆይ፤ ከእናንተ የምንፈልገው ቀላል ነው። ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ በየአጥቢያችሁ መንገዱን የሚያይ አንድ ሰው ምረጡ። ዘወትር ሰኞና ሐሙስ ጠዋት በስልክ ሦስት ነገር ይንገረን፤ ትናንት ዘነበ ወይ? ወንዙ ከጉልበት በላይ ነው ወይ? ዱላው ስንት ገባ? ‹‹ደኅና ነው›› የሚል መልስ ብቻ አትስጡን፤ ቁጥር ስጡን።

አሁን በዛፉ ሥር ሦስት ጣሳ አፈር ተቀምጧል፤ አንዱ ከሼሌ ሙዝ እርሻ ዳር፣ አንዱ ከዋልካ ሜዳ፣ አንዱ ከጨንቻ ዳገት የመጣ ነው። ውኃም በባልዲ ተዘጋጅቷል። ወጥተን በእጃችን እንሸው፤ ሹፌሮች ቅደሙ።